በሩን ዘግተህ ሂድ

ከቼሬሞሽ ወንዝ ማዶ፣ ከጥዱ ጫካ ሥር፣
ንብ ታረባ ነበር ፓራስካ ዓይነ ስውር።
ቀፎዋን በጣቷ፣ ሰዓቷን በዶሮ፣
እንግዳን በኮቴ፣ በረዶን በጆሮ
ለይታ ታውቃለች።
ብርዱ ሲበረታ ቀፎዎቹ ቤት ገብተው፣
ከበሩ ጀርባ ያንጎራጉራሉ ተኝተው።

አንድ ልጇ ኢግናት፣ ግንድ ከግንድ አጋጥሞ፣
በጎርፉ ይነዳ ነበር፣ በመቅዘፊያው ቆሞ።
አንድ ቀን ወረደ፤ አልተመለሰም።
ባርኔጣው ብቻውን ጠጠር ላይ ተተፋ፤
ሻማ ቢያበሩለት፣ በትንፋሿ ጠፋ።

ሉክያን የሚሉት አንድ እጀ ረጅም፣
መሸታ ቤት ሰምቶ አላደረ የትም፤
በር ቆረቆረና፣ በውድቅት፣ በብርድ፣
“እማ፣ እኔ ነኝ፣ ኢግናት” አለ ሳይንገዳገድ።
እጁን በጥድ ሙጫ አሽቶ፣ አዘጋጅቶ፣
ግንድ ግንድ እየሸተተ፣ ከጎኗ ተጠግቶ፣
ሾርባዋን ጠጣላት። ስትተኛ ጠብቆ፣
ከገለባው በታች ብሯን ሄደ ሰርቆ።

“በሩን ዘግተህ ሂድ” አለች፣ ከእንቅልፏ ውስጥ፤
“ንቦቼን ይበርዳቸዋል።” እሱ ደንግጦ፣ ቀጥ፣
ከዚያ በሳቅ ፈርሶ ቁልቁለቱን በረረ፤
“ዕውር ናት፣ ምን ታውቃለች!” እያለ አደረ።

መጣ በማግስቱ። መጣ በሳምንቱ።
ሰም በእንክብል፣ ማር በማሰሮ፣ ብሩማ ስንቱ!
እሷ ሾርባ ትጨልፋለች፣ ሹራቡን ትጠግናለች፣
ግንባሩን በጣቶቿ ፈልጋ ትስማለች።

ሰርቆ፣ ሰርቆ፣ ሰርቆ፣ አንድ የበረዶ ሌሊት
ገለባውን ዳበሰ፤ ምንም የለበት።
ሊወጣ ተነሣ። እሳቱ ሊጠፋ ነው።
ፍልጥ ጨመረበት። ለምን? እኔም አልገባኝ፣ እሱም አልገባው።

በጸደይ፣ በረዶው ቀልጦ ወንዙ ሲያገሳ፣
የፓራስካ ጉልበት መነሣትን ረሳ።
ሉክያን ተንበርክኮ፣ “እኔ አይደለ…” ብሎ ጀመረ፤
በሰም የሻከረ እጇ ከአፉ ላይ ቀረ።

“አውቃለሁ” አለችው። “ከመጀመሪያው ቀን።
የኔ ልጅ ተብታባ ነው፤ ‘እማ’ ለማለት እንኳን
እስከ ሦስት ይቆጥር ነበር። አንተ ግን ፈሰስክ፣
እንደ ወንዙ ውኃ። ብሬን ወሰድክ፣ ወሰድክ፣
እኔም አንድ በአንድ ከአንተ ‘እማ’ን ሰረቅኩ፤
ሒሳቡን ብትተምነው፣ እኔው ነኝ ያተረፍኩ።”

ከቀፎዎቹ ጎን ቀበራት። መሸ። ብርዱ ጠና፤
ደጁ ላይ ቆመ ጥቂት፣ መንገዱን አየና፣
ለንቦቹ ሲል
በሩን ዘጋ። ከውስጥ።