አንድ ጆሮ ለአራት ቁልፍ

በቺሌ ደቡብ፣ በአቻዎ ወደብ፣ ዝናብ የጣውላ ጣራ በሚደበድብበት፣
ዬሴኒያ ካርካሞ ከምድጃው ጥግ፣ በእኩለ ሌሊት፣
ለጀልባ ሰዎች መተግበሪያ ትሠራለች፤
አራት ቁልፍ በስልኩ ገጽ ላይ ደርድራለች፦
«ወጣሁ»፣ «ዘገየሁ»፣ «ደረስኩ»፣ «ድረሱልኝ»።
(በእነሱ ቋንቋ የኋለኞቹ ሁለቱ አይዛመዱም፤
በእኔ ግን ከአንድ ሥር በቅለው ነው ያስቸገሩኝ።)

መጀመሪያ ለየቁልፉ የየራሱን ጆሮ ሰጥታ ነበር፤
አራት ጆሮ፣ አራት ቦታ፣ አንድ ዓይነት ነገር፣
አንዱ ሲታረም ሦስቱ ከነስህተታቸው የሚያድር።
«አራት ዘበኛ ለአንድ በር?» ብላ ሳቀች፤
ሦስቱን ሰርዛ አንዱን አስቀረች።
አሁን የትኛውም ቁልፍ ቢነካ የሚሰማው እሱ ነው፤
የሚጠይቀውም አንድ ነገር ብቻ፦ «ስምህ ማነው?»
ስሙን ይዞ ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣
ከተጻፈበት ሲደርስ የታዘዘውን ይፈጽማል፤
ከዚያም «በቃህ፣ ውጣ» ሊባል ይገባዋል።
ያቺን ቃል፣
ከሦስተኛው መስመር ሥር፣ እንቅልፍ ይሁን ድካም፣
ሳትጽፋት አደረች። ማንም አላየም።

ማክሰኞ ምሽት ዶን ኤውላሊዮ ከባሕር ገባ።
ጀልባውን፣ «ትዕግሥት»ን፣ አስሮ፣ ድንች ጥዶ፣ ካልሲውን ሰቀለ፤
በወፍራም አውራ ጣቱ፣ መነጽር ሳያደርግ፣
«ደረስኩ»ን ፈለገ፣ ነካ፣ ተገላገለ።

ጆሮው ሰማ። ለማኅበሩ መዝገብ አስተላለፈ፤
ግን ቁም ያለው ስለሌለ ቁልቁል መንገዱን ቀጠለ፣
እንደ ቦይ ውሃ ወደሚቀጥለው መደብ ዘለለ፤
ከሥሩ ያለው «ድረሱልኝ» ነበር።
ሠላሳ ስልክ በሠላሳ ኪስ ጮኸ፤ ተናወጠ መንደር።

ሰው ሾርባውን ጥሎ ወጣ፤ ዓሣ ነጋዴዋ ኔሪ በነጠላ ጫማ፣
የኦያርሶ ወንድማማቾች ሞተር እያስነሱ በጨለማ፤
አሥራ ሁለት ጀልባ ወሽመጡን በመብራት አረሰው፤
ስሙን እየጠሩ አሰሱ፤ መልስ የሰጠ የለም ሰው።
ኋላ አንድ ልጅ «‹ትዕግሥት› እኮ እዚሁ ታስራ!» አለ፤
በሩን ሲያንኳኩ ሽማግሌው፣ ማንኪያ እንደያዘ፣
ከፈተ፣ ተገተረ፣ ምንም አላለ።

ውሃ የሚያንጠባጥብ ሃያ ሰው ወጥ ቤቱን ሞላ፤
የተሳደበ ነበር፣ የሳቀ ነበር፣ ድንቹን ተሻምቶ የበላ፤
ኔሪ፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያልተነኩትን ስኒዎች አጠበች፣
ወንበር ስላልበቃ ከማገዶው ክምር ላይ ተቀመጠች።
ሳይበተኑ ሌሊቱ ተጋመሰ።

ጠዋት ዬሴኒያ ኮዱን ከፍታ ቀዳዳውን አገኘችው፤
«በቃህ፣ ውጣ» ብላ በአንዲት ቃል ደፈነችው።
ይቅርታ ልትጠይቅ ሄደች። እሱ ባርኔጣውን አዙሮ፣ አዙሮ፣
«ልጄ፣» አለ፣ «እኔ ስልክ ላይ ብቻ... ያ ስህተት ቢቆይስ አብሮ?
በየቀኑ አይደለም። ማክሰኞ ማክሰኞ።»

ምን ትበል? «ድረሱልኝ» በከንቱ የተባለ እንደሆነ፣
በእውነቱ ቀን ማንም ጫማውን አያጠልቅም።
እንቢ አለችው። አልተቀየመም።

ግን በዝርዝሩ መጨረሻ አንድ ተራ መስመር አለ፣
ስሙ ላልታወቀ ቁልፍ፣ ከአራቱም ላልሆነ የተከለለ፤
ልማዱ እዚያ «ዝም በል» ብሎ መጻፍ ነው።
በእሱ ስልክ ላይ አምስተኛ ጨመረች፣ ጽሑፍ የሌለው፣
ግራጫ፣ ጠጠር የመሰለ።
ጆሮው ስሙን ቢጠይቀው መልስ የለውም፤
አራቱን በር አልፎ እስከ ታች ይወርዳል፤
እዚያ «ዝም በል» ተሰርዞ፣
የእሷ ቁጥር ብቻ ተጽፏል።

ትናንት፣ ማክሰኞ ባይሆንም፣
የዬሴኒያ ስልክ አንዴ «ጠብ» አለ።
ኮምፒውተሯን ከደነች። ቦቲዋን ስትፈልግ ግራው ጠፋ፤
ያገኘችውን አጥልቃ በዝናብ ሮጠች፣
ድንቹ ሳይፈርስ ደረሰች።