የመስኮቱ ሰም

ሐምሌ ነው፣ ማርቆስ ነው፣ ዝናቡ አይጠይቅም፤
የኮሮላዬ በር መስታወቱ አይቆምም፤
ግማሽ መንገድ ወጥቶ ይሰምጣል ተመልሶ፣
የተሳፈረውን እስከ ጉልበት አርሶ።

ከጎኔ ተቀማጭ መሪጌታ ይባቤ፣
በወግ አማቴ ናቸው፣ አባት ናቸው በልቤ፤
ስንት ዘመን ሙሉ ቅኔ ሲዘርፉ ኖረው፣
ዛሬ በመስኮቴ ዝናብ ዘረፋቸው።
"እግዜር ይስጠው" ይላሉ ጋቢያቸውን ጨምቀው፣
"ጠበል ቤት መሄዱን አስቀረልን" ብለው።

ወሰድኩት ባሕር ዳር፣ ከወኪሉ ቤት፣
ሶፋ ላይ አስቀመጡኝ ከቴሌቪዥን ፊት።
ልጁ ነጭ ለብሷል፣ እጁ ግሪስ አያውቅ፣
ሦስቴ ቁልፉን ነክቶ፣ ራሱን ሲነቀንቅ፣
"ማሽኑ ከነበሩ ይለወጣል" አለኝ፤
"ሃያ ስምንት ሺህ ነው" ጮክ ብሎ አነበበልኝ፤
"የእጅ ዋጋው ሌላ፤ ዕቃው የሚገባው ኅዳር፤
ልመዝግብሽ?" አለኝ፣ "ወይስ ለጊዜው ይቅር?"

ይቅር።
የሦስት ወር ደመወዝ ለአንድ ክንድ መስታወት!
ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ይህንን ለማስላት
ኮምፒውተር አልፈልግም።

ስመለስ፣ ከዳንግላ እስከ ፍኖተ ሰላም፣
በፕላስተር የለጠፍኩት ላስቲክ ዝም አላለም፤
ያጨብጭብልኝ ወይ ያጨብጭብብኝ ሳልለይ፣
ለእልህ ማብረጃ ይመስል፣ በርበሬ ገዛሁ ቡሬ ላይ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሰማዩ ሲጠራ፣
ካቻቪቴ ተዋስኩ ከእንየው፣ ባጃጅ ተራ።
"እጀታው ሥር" አለኝ፣ "አንዲት ብሎን አለች፣
ደብቀዋት ነው እንጂ፣ ቁልፏ እሷ ነች።"
አገኘኋት።
ሽፋኑ ተላቀቀ በአራት ክሊፕ ጩኸት፤
አንዷ ተሰበረች። ትሰበር፣ ምን አለበት።

የፈራሁት ሆድ ዕቃ ባዶ ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው፦
አንድ ሽቦ፣ አንድ ጥርስ፣ ዝገት የቀመሰው፣
የኔው ስባሪ ጠመኔ፣ ሃምሳ ሳንቲም፣ ጭቃ፤
ከጭቃውም መሃል አንዲት ስንዴ ነቅታ፣
ከየትኛው የወፍጮ መንገድ እንደቀረች እንጃ፣
ቆማለች፣ ዝናቤን ጠጥታ።

ማሽኑ ጤነኛ ነው! በሽታው ሌላ ነው፦
መስታወት የሚሄድበት ላስቲክ ነው የደረቀው።
የስንት በጋ አቧራ ያነቀው ጉሮሮ!
በጥርስ ብሩሽ ብፍቀው ወረደ እንደ ሽሮ።

"አሁን ዘይት ላድርግ?" "ዘይት አቧራ ይጠራል"
አሉ ከበርጩማቸው፣ "ሌላ ነገር ይኖራል።"
ከኮታቸው ኪስ ውስጥ የጧፍ ቁራጭ ወጣ፣
ለማኅሌት በርቶ ሳያልቅ የመጣ።
አሸሁት በላስቲኩ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣
ቁልፉን ተጫንኩት፤ መስታወቷ ተነሳች፣
ተንቀራፈፈች፣ አሰበች፣ ወጣች፣
ቆመች።

ዝም አልን።
"ሃምሳ ዓመት" አሉ፣ "ሰሙን እለፉት እያልኩ፣
ለስንቱ ተማሪ ወርቅ ወርቁን አስፈለግኩ፤
ሰም ለብቻው እንዲህ ሲሠራ
ዛሬ ገና አየሁት።"
ከዚያም ሳቁ፣ ሳሉ፣ ጋቢያቸውን አጣፉት።

መካኒክ አልሆንኩም። ሰኞ ፍሬኑ ሲያፏጭ
ጎማውን እንኳ አልነካሁ፤ አልሻም ነፍስ ማስቆጨት።
ለእንየው አጎት ሰጠሁ፣ የጠየቀኝን ከፍዬ፣
"የአባይን በረሃ በጧፍ አይወርዱትም" ብዬ።

ስንዴዋ በጣሳ፣ በረንዳው ላይ አለች።
ክሊፗ ግን እስካሁን ሳትተካ ቀረች፤
ጨሞጋ ድልድይ ላይ በሩ ቀጭ ቀጭ ሲል፣
"ልሥራው?" እላቸዋለሁ።
"ተይው" ይላሉ መሪጌታ፣ "ጸናጽል።"
መቋሚያቸውንም አንስተው
የመኪናውን ወለል ቀስ አድርገው ይመታሉ።