ያዋጣኝ

ትናንት ከጃንተከል፣ ከዋርካው ሥር ሆነን፣
የባጃጅ አቧራ ነጠላ ሲያለብሰን፣
ልጅዓለም ጠየቀኝ፣ አዲሱ ባለ ካሜራ፦
«ጋሽ ይርሳው፣ ገንዘብህን እንዲያ ስትዘራ፣
ከገዛኸው ሁሉ የትኛው ነው ያዋጣህ?»
እውነት ለመናገር፣ ያስቸግራል ጥያቄህ።

ዜኒቷን የገዛሁ ካንድ የአዘዞ ወታደር፣
በመቶ ሰማንያ ብር፣ ግማሹ በብድር።
ክብደቷ የወፍጮ መጅ፣ አንገት የሚያጎብጥ፣
ስትዘጋ ድምጿ ፍየል የሚያስደነግጥ።
አዋጣችኝ? አዎን። ሦስት ልጅ አሳደገች።
ግን እሷም ብትሆን ባንድ ክረምት ሻገተች፤
ሌንሷ ውስጥ ድር መሳይ ነገር አደራባት፣
ከዚያ ወዲያ ሙሽራው ሁሉ ጭጋግ ለበሰባት።

ያ ረጅሙ ሌንስማ! ስሙን አታንሳብኝ።
የሁለት በሬ ዋጋ ነው ባንድ ቀን የበላኝ።
ለጥምቀት ብዬ ነበር፣ ከገንዳው ማዶ ሆኜ፣
ውሃው ሲባረክ ላነሳ፣ በሌንሴ ተማምኜ።
ተባረከ። ጎረምሳው ከግንቡ ላይ ዘለለ፤
እኔ ሌንስ ሳስተካክል
ወጥቶ፣ ልብሱን ለብሶ፣ ዳቦውን ገምጦ ኮበለለ።
የተረፈኝ ያንድ ዲያቆን ጆሮ ነው፣ በጣም የጠራ፤
እስከዛሬ ግድግዳዬ ላይ አለ፣ ባለቤቱን ሲጣራ።

ፍላሹም፣ ጃንጥላውም፣ ኋላም ዲጂታሉ፣
በየተራ መጡ፣ በየተራ ተጣሉ።

ስማኝ፣ ልጅዓለም። እኔን ያዋጣኝ ኮት ነው።
አትሳቅ።
ቅዳሜ ገበያ፣ ከሰልባጁ ክምር፣
ዐሥራ አምስት ብር አልኳት፤ ሰጠችኝ ሳታንገራግር።
ቀለሙ አመድማ፣ ገበሩ የተቀደደ፣
ከሦስት ቁልፎቹ አንዱ መንገድ ላይ የወረደ፤
ኪሱ ውስጥ የሰው አገር የባቡር ትኬት ነበረ፣
በማላውቀው ፊደል፤ እሱም እዚያው ኪስ ውስጥ አደረ።

ከምስማር ሰቀልኩት። ጎንደር ተሰለፈ፤
ሊስትሮው ለበሰው፣ ደረቱን ነፋ፣ አለፈ።
የሎንቺናው ረዳት፣ ከወገራ የመጣው ገበሬ፣
ለመታወቂያ፣ ለእጮኛ፣ ለመሥሪያ ቤት ወሬ።
እጅጌው ላጠረበት «እጅህን ከኋላ» እላለሁ፤
ለሰፋበት ደግሞ ከጀርባው
በልብስ መቆንጠጫ እይዛለሁ።
ካሜራ ጀርባ አያይም፤ የሙያዬ ምስጢር ይኸው ነው፤
ከፊት የሚከበር ሁሉ፣ ከኋላው በመቆንጠጫ ነው።

አንድ ቀን ሴት መጣች፣ ከደንቢያ፣ እግሯ ጭቃ።
ትሁኔ ነው ስሟ። ቆመች ከበሩ፣ ፈዛ፣ ተጠንቅቃ።
ልጇ ቢያድግልኝ ይባላል። አድጎላታል፤ ሄዷል።
ለሰሊጥ መተማ ወርዶ ሁለት መኸር አልፎታል።
ከመቀነቷ ፈትታ ፎቶውን አወጣች፤
እኔ ያነሳሁት ነው፣ አፈሩን አብሳ ሰጠች።
«ላሳድግልሽ ወይ?» አልኳት።
«ፎቶውስ አለኝ» አለች፣
ዓይኗን ከምስማሩ ላይ፣ ከኮቱ ላይ ሰክታ ቀረች።

«ይህ ነው?»
«እሱ ነው።»

አወረድኩላት። አላለቀሰችም።
አገላብጣ አየችው፤ አልሸተተችውም።
«ልጄ» አለች፣ «ቁልፉ ጎድሎ ነው እንዴ የተነሳው?»
መልስ አልነበረኝም። ምን ይላል ሰው?
ኪሱን ፈተሸች። ትኬቱን አገኘች።
አገላበጠችው፣ ወደ ብርሃን ያዘች።
«የት ያደርሳል?» አለችኝ።
«አላውቅም» አልኳት።
ዝም ብላ ቆየች፤ እኔም ዝም አልኳት።
ከዚያ መልሳ ከተተችው፣ ቀስ ብላ፣ እንዳይቀደድ፤
ለሚመጣ ሰው ይሆናል፣ ወይ ላልደረሰ መንገድ።

በማግስቱ፣ ፒያሳ፣ ከመርፌ ሻጩ ሱቅ፣
ቁልፍ ገዛሁ፤ ቀለሙ ትንሽ ይለያል እንጂ አይርቅ።
ሃምሳ ሳንቲም።
በራሴ እጅ ሰፋሁት፤ ጣቴን ሁለቴ ወጋሁት።
እንግዲህ፣ ልጅዓለም፣ ያዋጣኝን ስትቆጥር
እሱንም ጨምርበት።