በእርሳስ ብቻ

ጃካርታ፤ ከሰዓት በኋላ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፣
ማቀዝቀዣው እንደ አስም በሽተኛ አንዴ ይተነፍሳል፣ አንዴ ያቃስታል።
ነጭ ጓንት ያጠለቀ ልጅ ቅጽ ሰጠኝ፣ ሞላሁት፦
ስም፣ ሩክሚያቲ። ዕድሜ፣ ሰማንያ አንድ።
«የጥናቱ ዓላማ» የሚለውን ዘለልሁት።

«ብዕር አይፈቀድም፣ እናቴ» አለኝ፣ ሲያስቀምጥ ሣጥኑን፣
«እዚህ በእርሳስ ብቻ ነው፤ ቀለም ያበላሻል ሰነዱን።»
ሳቄ መጣ፤ ዋጥሁት።

ከላይ ያማረው አለ፦ የመክፈቻው ዕለት ፎቶግራፍ፣
ባንዲራ ከባንዲራ ሲተቃቀፍ፣
ርግብ ተለቅቆ ሲንሳፈፍ፣
ሲሚንቶው ገና ሳይደርቅ ሕዝቡ በር ላይ ሲሰለፍ።
ከሥሩ የቀለብ መዝገብ፤ ስንት ኩንታል ሩዝ፣ ስንት ዶሮ፣
ከሥሩ ስላልተከፈለው ሒሳብ የሜዳሊያ አንጥረኛው እሮሮ።
ከዚያ ቴሌግራሞች፦
«ካርዶቹ አልደረሱንም። ቀኑ አጠረ። ላኩልን።»
በማግስቱም፦ «ሻንጣ ቆልፈን ተቀምጠናል። መልስ ስጡን።»

መልሱም አለ፣ የኛው፦ «መዘግየቱ የፖስታ ቤት ነው።»
መነጽሬን አወለቅሁ፣ ጠረግሁ፣ መልሼ አጠለቅሁ።
ያቺ «ኤ»! ከመስመር ከፍ ብላ የምትቆም፣
ሰልፍ መሃል እንደምትዘል እንቢተኛ ልጅ።
የኔ የጽሕፈት መኪና ናት። ስንቴ «አስጠግኛት» ተብያለሁ።
ስድሳ ምናምን ዓመት ሣጥን ውስጥ አድፍጣ
ጠበቀችኝ፣ እጅ ከፍንጅ ልትይዘኝ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ።
አለቃዬ ፓክ ሱዳርሶኖ በሩን ዘጋ፣ ድምፁን አደረገ ዝቅ፦
«ለእነዚያ በሚሄደው ፖስታ ውስጥ ባዶውን ካርድ ክተቺ።
ስም የለ፣ ማኅተም የለ። ብቻ ቁጥሩ ልክ ይምጣ።»
«ለምን?» አላልሁም።
ዝሆን ሲጣላ ሣር ይጎዳል ይላሉ፤
እኔ ያየሁት ዝሆን ሲወዳጅ ነው። ሣሩ ያው ነው።

ቀለም ቆጥሬ ያደግሁ ልጅ
ያን ቀን ቀለም የሌለው ቆጠርሁ።
ፖስታውን በምላሴ አርሼ አሸግሁ፤
የሙጫው ጣዕም ስንት የዳቦ ዓመት፣ ስንት የረሃብ ዓመት አልፎ
አሁንም እዚህ አለ፣ ከጥርሴ ሥር።

ስማቸውን ግን አይቻለሁ። ዝርዝሩ ከፊቴ ተዘርግቶ ነበር።
አንዱ አልወጣልኝም፦
ኬ ዩ-ሉዋን። ሴት። ሰማንያ ሜትር መሰናክል። ዕድሜ፣ አሥራ ዘጠኝ።
እኩያዬ። የተወለደችበት ወር እንኳ ወሬ።
ታይፔ ውስጥ ጫማዋን በጋዜጣ ጠቅልላ፣
እናቷ «እዚያ ሙቀት ነው፣ ውኃ ጠጪ» ብላት፣
ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ፖስታው ሲከፈት፣
ካርዱን ገልብጣ፣ ወደ መስኮቱ አንሥታ፣
የተደበቀ ፊደል ፈልጋ ይሆን?
መሰናክል ታውቃለች፤ ቁመቱን፣
በመሃሉ ስንት እርምጃ እንዳለ፣ በየትኛው እግር እንደምትነሣ።
ነጭ ወረቀት ግን በምን እግር ይዘለላል?

ሣጥኑ ወለል ላይ፣ በሲባጎ ታስረው፣ ወይበው፣
ሰባት ትርፍ ካርዶች።
ማውጫው እንዲህ ይላቸዋል፦
«ልዩ ልዩ። ያልተጻፈባቸው። ፋይዳ የሌላቸው።»

ዝናቡ አባርቷል። ልጁ ስልኩን ያያል።
ሲባጎውን ፈታሁ። እጄ እንደዚያች «ኤ»
ከመስመር እየዘለለ
በላይኛው ካርድ ላይ ስሟን ጻፍሁ፣
ከስሟ ሥር፦ መሰናክል፣
ከሥሩ፦ አሥራ ዘጠኝ።
ማኅተም የለኝም።

ልጁ ቀና አለ፤ ወንበሩን ገፍቶ መጣ።
«እናቴ! ምን እያደረጉ ነው?»

«በእርሳስ እኮ ነው» አልሁት።