ድደ ንቅስ

ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ቂርያት ጋት፣ ክሊኒኩ፤
ወረፋ ጠባቂው ሁሉም በየስልኩ።
እናቴ አትጠገብ፣ ነጠላዋን አጥፋ፣
አፏን ከፍታለች ወንበር ተደግፋ።

ዶክተር ኢና መጣች፣ መብራቱን ጎተተች፣
ጎንበስ ብላ አየች፣
ጓንቷን ሳታወልቅ ሌላ ሐኪም ጠራች።
ሁለት ሆነው አዩት፤ ሦስተኛ ተጠራ፤
የእናቴ አፍ ዋለ እንደ ጉብኝት ስፍራ።

«መቼ ጀመራት? ይደማል? ያማል?
ጥቁረቱስ ወዴት ወዴት ይዛመታል?»
እኔ ከመሃል ነኝ፤ ሥራዬ መተርጎም፤
ለዚህ ግን በዕብራይስጥ አንድ ቃል የለኝም።
«በሽታ አይደለም» አልኳቸው፤ «ታዲያ ምንድን ነው?» ሲሉ፣
«ቁንጅና ነው» ለማለት ከንፈሮቼ ዛሉ።

እናቴ ግን ገባት፤ ጣት ሲቀሰር አይታ
መናገር ጀመረች ምራቋን ተፍታ፦

«አሥራ ሦስት ዓመቴ፤ ወገራ ነው ቤቱ፤
ነቃሿ መጣች ሲሉኝ ሸሸሁ በሌሊቱ።
አልሆነም። ሁለት አክስቶቼ ክንዴ ላይ ተቀመጡ፣
ድዴን በጥቀርሻ፣ በመርፌ ቀጠቀጡ፤
ሳምንት ተልባ ብቻ፣ እህል ሳልቀምስ፣
ያበጠው ከንፈሬ ቦታው እስኪመለስ።
ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን አላመመኝም፤
ጥርሴ ወተት ሆነ፤ ሰው አይቶ አልጠገበኝም።
አባትሽ ሽማግሌ ልኮ ደጃችን የከረመ
ስስቅ አይቶኝ ነው፤ በሳቄ ነው የታመመ።»

ይህን ሁሉ ሰምቼ «ባህል ነው» አልኳቸው፤
የዕድሜ ልኳን ሳቅ በሁለት ቃል ሰጠኋቸው።

ዶክተር ኢና ደግ ናት፤ ክፋት የላትም፤
«ሌዘር አለን» አለች፣ «ብዙም አያምም፤
በሦስት ቀጠሮ ሮዝ ይሆናል ድዷ፤
ያኔ ትስቃለች በገዛ ፈቃዷ።»

በገዛ ፈቃዷ።

ይህቺ ቃል ወጋችኝ ከዚያች መርፌ ይልቅ፤
ማን እንደከለከላት እኔ ነኝ የማውቅ።

የወታደር መሐላ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፤
ከጓዶቼ መሃል፣ ለፎቶ፣ ስትጠጋ እናቴ፣
ጆሮዋ ሥር ሄጄ፣ በአማርኛ፣ በቀስታ፣
«እማ፣ አፍሽን ግጠሚው» አልኳት በይሉኝታ።
ገጠመችው።
ፎቶው ዛሬም አለ፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ፤
ሁሉም ሰው ሲገለፍጥ የእሷ ጥርስ ሳይታይ።
ሃያ ዓመት ሙሉ፣ በሰርግ፣ በብሪት ሚላ፣
የምትስቀው ሁሌ አፏን በእጇ ከልላ።

እኔስ ብሆን? ውቢት ነበርኩ፤ «ያፋ» ብለው ተረጎሙኝ፣
ገና ከአውሮፕላን ስንወርድ ፎርም ሲሞሉልኝ።
ለባንኩ ቃለ መጠይቅ ፀጉሬን በብረት አስተኝቼ
ተቀጠርኩ፤ ዛሬም ሲያካፋ የምሮጠው ሸሽቼ።
ልጄ ኖጋ ደግሞ፣ ጥርሷን በሽቦ አሳስራ፣
ሾርባ ጠጥታ ታድራለች በሕመሙ ተማርራ፤
በየወሩ ስከፍል ስምንት መቶ ሼቅል
«ባህላችሁ ነው ወይ?» ማንም ሰው አይል።

«ምን አለች?» አለችኝ።
ነገርኳት፦ ሌዘሩን፣ ሮዙን፣ ቀጠሮውን።
እናቴ ዝም አለች። ካጠገቧ አነሳች
የሐኪሟን መስታወት፤ ከንፈሯን ገለበጠች፤
ረጅም ጊዜ አየችው፣
እንደ ድሮ ጎረቤት፣ በር ላይ እንዳገኘችው።
«ንገሪያት» አለች ቆይታ፣ «ለድዴ አይደለም የመጣሁ፤
መንጋጋዬን ትንቀልልኝ፤ ሦስት ሌሊት አልተኛሁ።»

ይህን አላሳጠርኩም።
ቃል በቃል ነገርኳት፤ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

ስንወጣ፣ ፌርማታው ላይ፣ ግማሽ አፏ ደንዝዞ፣
አንድ ጎረምሳ አለፈ ከንፈሩ ላይ ቀለበት ይዞ።
«ይኼንንስ ማን ወጋው? አክስቱ?» ብላ ሳቀች፤
በደነዘዘው በኩል ሳቋ ተጣመመች።
እጇ ግን ቀድሟት ተነሳ፣ ከልማዱ አልዘገየ፤
ልይዘው ስዘረጋ
አውቶቡሱ ታየ።