«በፊት»

ሐሙስ ሲመሽ ራስ አልኸይማ ጭር ትላለች፤
ድመት እንኳ ሳትፈራ መሃል አስፋልት ትተኛለች።
ኩንሂ ባለሱቁ ሚዛኑን ትቶ ስልኩ ላይ ይተከላል፤
ሻወርማ ቆራጩ ቢላውን ሰቅሎ ያያል፤
የቆመ ታክሲ እንኳን ደንበኛውን «ቆይ» ይላል።

«ግቢዎ በሰባት ቀን» ሊጀምር ነው።
ፈጣሪ ሰማይና ምድሩን በስድስት ቀን ጨረሰ፤
እነሱ ለአንድ ጓሮ ሰባት፤ ይሁን፣ ማን ወቀሰ።

ገሳን ይባላል አቅራቢው። ነጭ ጫማ፣ ነጭ ጥርስ፣
አካፋ ጨብጦ ይስቃል፣ አካፋው አፈር ሳይቀምስ።
ሚስቶች ያለቅሳሉ፣ ባሎች ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣
ልጆች በአዲሱ ፏፏቴ ዳር ይሮጣሉ፣
ከዚያ የሽቶ ማስታወቂያ።

ማማ ሙዛ ሶፋው ላይ፣ እኔ ምንጣፉ ላይ ልብስ እያጠፍኩ
(ሙዛ ነው፣ ሙዝ አይደለም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ስቄ ዋጋዬን አገኘሁ)
አብረን እንፈርዳለን፦
ይኼ ዘንባባ በዛ፣ ያ ወንበር አይረባም፣
የዚች ሴትዮ እንባ ደግሞ፣ በሞቴ፣ ከልቧ አልመጣም።

ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ ላከች ማመልከቻ፤
ፎቶ አንሺው እኔ፦ የሞተ ጓሮ፣ የዛገ ዥዋዥዌ፣ አሸዋ ብቻ።

አሸዋ ብቻ አልኩ እንጂ፣
ከኤሲው ጀርባ ጠብታ አለ፤ ቀን ጠብ፣ ሌሊት ጠብ፣
ማንም የማይፈልገው ውሃ፣ ማንም የማይቆጥረው ገንዘብ።
እዚያ ጎመን ዘርቻለሁ።
ዘሩን እህቴ አንሻ ናት ከባቲ የላከችልኝ፣
በካልሲ ቋጥራ፣ በሰው ሻንጣ፣ «ጎመን በጤና» ብላ።
ስምንት እግር ነበር። ለስምንቱም ስም አውጥቼ ነበር፣
ስማቸውን ግን አልናገርም።

አንድ ሰኞ በሩ ተንኳኳ።
ማማ ሙዛ ጮኸች፤ ጎረቤት እልል አለ፤
የሠፈሩ ስልክ ሁሉ አጥራችን ላይ ተንጠለጠለ።
ገሳን መጣ፣ አንድ ሰዓት ቆመ፣ ተቀባባ፣ ሄደ።
የቆፈሩት ሚዛኑርና አሥራ አንድ የሲልሄት ልጆች ናቸው፣
በሌሊት፣ በመብራት፣ ቀኑ ስለሚያቃጥላቸው።
ሚዛኑር ጎመኔ ጋ ሲደርስ አካፋውን አቆመ።
«ሻክ?» አለኝ በአገሩ ቋንቋ።
«ጎመን» አልኩት በአገሬ።
ሁለታችንም ገባን። ከካሜራው ኋላ «ቶሎ!» ተባለ።
ነቀለው፤ ግን ቀስ ብሎ፣ የልጅ ጥርስ እንደሚነቅል።

በሐሙሱ ታየን።
«በኋላ» ሃያ ደቂቃ ቆየ፦ ፏፏቴ፣ ተጠቅልሎ የመጣ ሣር፣
የማማ ሙዛ እንባ (እሱ ከልቧ ነው፣ ምስክር ነኝ)።
«በፊት» ሦስት ሰከንድ፦
የሚያባባ የዑድ ድምፅ፣ የዛገ ዥዋዥዌ፣
የእኔ ስምንት ጎመን፣
ጥጉ ላይ ደግሞ አንድ ክርን፣ ከነባልዲው።

አገሩ ሁሉ ለ«በኋላ» አጨበጨበ።
አንሻ ብቻ ከባቲ ደወለች፦
«አየሁሽ! በጠባሳው አወቅኩት ክርንሽን፤
ፊትሽ ባይታይም፣ ወደ ኋላ እየመለስኩ
አርባ ጊዜ አየሁት በፊትሽን።»
ከዚያ ዝም።
ከዚያ «ጎመኑ ያምራል»።

ሐምሌ ገባ። ሣሩ እንደ ቆየ ጋዜጣ ቢጫ ሆነ፤
ሁለት ሰዎች መጥተው ፕላስቲክ አነጠፉ፣ ነገሩ በዚያው ተከደነ።
ገሳን አሁን ሻርጃ ነው፣ በሌላ ሰው አሸዋ ላይ ይስቃል፤
እኛም እናያለን። ማማ ሙዛ «የእኛ ይበልጣል» ትላለች።
ይበልጣል።

ትናንት ግን፣ ሙቀቱ ሰበር ሲል፣
ምሳ ላይ ማንኪያዋን አስቀምጣ
«ያ መራራው ቅጠልሽ የለም?» አለች።
ለካስ ከድስቴ እየሰረቀች ትበላ ኖሯል!
ሲመሽ ከዘራዋን ይዛ ወጣች፣
ከኤሲው ጀርባ፣ ጠብታው ፕላስቲኩን ወደሚደበድብበት፤
የሣሩን ጠርዝ በከዘራዋ ጫፍ ገለጥ አድርጋ
«ስንት ቀን ይፈጃል?» አለችኝ።

ካልሲውን ፍለጋ ገባሁ።