ዋስ ጥሪ

ከዚራ፣ ከጥላው መንገድ፣ መስታወት በር ካለው ሱቅ፣
ሻጩ ልጅ እስክሪብቶ አቀበለኝ፣ ፈገግታው የማያልቅ።
«ሦስት ዓመት ዋስትና አላት፣ እህቴ፤ ይሄ ከፋብሪካው ነው፤
ከዚያ ወዲያ ግን…» ብሎ ዝም አለ፣
ሐኪም የራጅ ፊልም ወደ ብርሃን አንስቶ ዝም እንደሚለው።
«ሰማንያ አራት ሺህ ጨምሪ፣ ሦስት ዓመት ይጨመርልሽ፤
ባትሪው ቢደክም፣ ሞተሩ ቢያኮርፍ፣ እኛ አለንልሽ።»

አለንልሽ። ቃሉ ደስ ይላል።
ካባቴ ሞት ወዲህ እንዲህ ያለኝ የለም፤
ለዚህ ቃል እኮ ሰማንያ አራት ሺህ ብዙ አይደለም።

መኪናዋ የቁብ ናት፣ የብድር፣ ያባቴ ቤት ግማሽ ድርሻ፤
ነዳጅ አትጠጣ፣ በመስኮት በወጣ ገመድ ታድራለች እስከ ንጋት ድረሻ።
«እስከ ሰኞ አስቢበት» አለኝ፣ ወረቀቱን በፖስታ አደረገ።
ቀትር ነበረ፤ ድሬ በሩን ዘግቶ፣ ሽርጡን ታጥቆ፣ ጥላ ፈለገ።

ቤቴ ገብቼ ደቃቁን ፊደል ባባቴ መነጽር አነበብኩ፤
ሁለተኛው ገጽ ግርጌ፣ «የማይሸፈኑ» የሚለው ጋ ደረስኩ፦
ጎርፍ። አቧራ። ከልክ ያለፈ ሙቀት።
ባልተስተካከለ መንገድ መንዳት።
የኃይል መዋዠቅ ያደረሰው ጉዳት።
ግመል ብቻ ቀርቷል፣ ረስተውት ይሆናል ምናልባት።
ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ከዚህ ውስጥ ድሬ ያልሆነው የቱ ነው?
ዋስ የሚሆኑት ለመኪናዋ ነው፣ ግድግዳ ላይ ላለው ሥዕሏ ነው?

ማግስቱን ገንደ ቆሬ፣ በድሪ መካኒኩ ዘንድ ወሰድኳት።
ኮፈኗን ከፍቶ ብዙ አየ፤ እጁን ኪሱ ከትቶ ዞራት።
«ዘይት አትሸት፣ ጭስ የላት፣ ስትነሳ አታጓራ፤
ከየት ጀምሬ ላናግራት፣ ይህቺን ዝምተኛ ሙሽራ?»
ግዢው አለኝ። ሻዩን ሲጨርስ አትግዢው አለኝ።
«እኔ እንጃ ወላሂ፤ የሚንኳኳ ነገር አምጪልኝ።»

አባቴ ሠላሳ ዓመት በሸመንደፈር ወርክሾፕ ብረት ሲሞርድ ኖረ፤
ዋስ ሲባል፣ በሱ ጊዜ፣ ሰው ነበረ።
እኔ ባንክ ገንዘብ ያዥ ሆኜ ስቀጠር፣ «ዋስ ጥሪ» ሲሉኝ፣
ሮብሌ ነው፣ ያባቴ ባልደረባ፣ ከሳቢያን በእግሩ የመጣልኝ።
ሽርጡን ሰብሰብ አድርጎ ተቀመጠ፤ ፈረመ፤
«ብትጠፋ እኔን ያዙ፣ ቤቴን ታውቁታላችሁ» ብሎ ቆመ።
ደቃቅ ፊደል አልነበረውም።
«ጎርፍ ሲቀር» አላለም።

እሁድ ማታ መብራት ጠፋ። በስልኬ ብርሃን መሳቢያ ስበረብር፣
የድሮ ፍሪጄ ዋስትና ወጣ፤ የአምስት ዓመት፣ ማኅተሙ የሚያምር።
አድራሻውን አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት።
ከዚራ፣ ከጥላው መንገድ፣ መስታወት በር ያለው ሱቅ።
ፍሪጁ በሦስተኛው ዓመት ሲሞት፣ ይህንኑ ይዤ ሄጄ ነበር፤
ከመስታወቱ ወዲያ የተጠቀለለ ገመድ፣ አንድ ወንበር።
ለዋሱስ ዋሱ ማነው?

ሰኞ ሄድኩ። ልጁ እስክሪብቶውን ከፍቶ ጠበቀኝ።
«ስምህን ማን ልበል?» አልኩት።
«ያፌት።»
«ያፌት፣ በስድስተኛው ዓመት ባትሪዋ ቢሞት፣ አንተ የት ነህ?»
ሳቀ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ዋሽቶ እንኳ አልዋሸኝም፦
«አዲስ አበባ እሆናለሁ፣ እግዜር ካለ፤ እዚህማ አልቆይም።»

አልገዛሁም።
ገንዘቡን የብቻው ደብተር ከፍቼ አስቀመጥኩ፤
ሽፋኑ ላይ «ሮብሌ» ብዬ ጻፍኩ።
(ሐምሌ ላይ አሥራ ሁለት ሺውን ለጣሪያው አወጣሁ። እመልሰዋለሁ።)

ቀን ቀን፣ ደግ አደረግሁ እላለሁ።
ትናንት ማታ ግን፣ ከሐረር ስመለስ፣ ደንገጎን ጉም ሲሸፍነው፣
ሦስት መንገደኛ ጭኜ፣ ፍሬኑን እየነካሁ ስጠመዘዘው፣
ከወለሉ ሥር አንድ ነገር ቅጭ አለ።
መንገደኞቹ አልሰሙም። አንዱ በስልክ ስለ ፍየል ዋጋ ይከራከራል።
ሬዲዮኑን ዘጋሁ። መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ።
አባቴ ብረት እንደሚሰማው፣ ዘንበል ብዬ አዳመጥኩ፣
ይደግመው እንደሆነ።

«ሰባ ሁለት ሺህ አለኝ» አልኩ፣
ለመኪናዋ ይሁን ለጉሙ እንጃ።
ዝም አለች።